የሉልዋ ቱቦ

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ዛሬ ሆስፒታል ገባን፤ እኔ፣ ሉልዋ፣ ሁለት ሻንጣና ወተት በቱቦ ወደ ሆዷ የሚልከው ማሽን። ይህን ደብተር ምድር ቤት ካለው ሱቅ ገዛሁት። ሽፋኑ ላይ የድመት ሥዕል አለ። ለሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት አይመጥንም፣ ግን ሌላ አልነበራቸውም።

ሉልዋ እዚህ ኩዌት የምይዛት የማዳም ልጅ ናት፣ ሦስት ዓመት ከመንፈቋ ነው። ስትወለድ ልቧ ችግር ነበረበት። በሁለተኛ ሳምንቷ ቀደው አዳኗት፤ አልሃምዱሊላህ፣ ዛሬ ልቧ ከእኔ ልብ ይሻላል። ግን በእነዚያ የመጀመሪያ ወራት ወደ አፏ የገባው የመተንፈሻ ቱቦ እንጂ ጡት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ወደ አፏ የሚጠጋ ነገር ሁሉ ጠላቷ ነው። በአፍንጫዋ ገብቶ ሆዷ በሚደርስ ቀጭን ቱቦ ነው የምትኖረው። ትሮጣለች፣ ትዘፍናለች፣ እኔን በሁለት ቋንቋ ትሰድበኛለች፤ መብላት ብቻ አትበላም።

እዚህ ሚስ ሰሃር የምትባል ሊባኖሳዊት አለች። ሥራዋ አልበላ ያሉ ልጆችን መብላት ማስተማር ነው። እንዲህ ያለ ሙያ መኖሩን ዛሬ ሰማሁ። አንድ ወር እንሞክራለን፤ ካልሆነ ሐኪሞቹ ሆዷን ቀደው ቱቦውን በዚያ በኩል ያስገቡላታል፤ እሱ ደግሞ የዓመታት ነገር ነው አሉ። ማዳም ይህን ስትሰማ ቦርሳዋን ከፍታ ዘጋች፣ እንደገና ከፍታ ዘጋች። ምንም አላወጣችም።

ለእኔ አንድ ደንብ ተሰጠኝ። ማንም ሰው በእጁ ምግብ ወደ አፏ እንዳያስጠጋ። ማባበል የለም፣ ማስገደድ የለም፣ «ይቺን ብቻ» የለም። እሺ አልኩ። ይህን ደንብ አንድ ቀን የሚያከብር ወሎዬ ካለ ግን አሳዩኝ።

ዓርብ፣ ጥር 23

ሉልዋ ግድግዳውን እርጎ ቀባችው። ሚስ ሰሃር አጨበጨበች። እርጎ በእጅ መንካት ትልቅ ነገር ነው አለች። ግድግዳውን ያጸዳሁት እኔ ነኝ፤ እሱን ማንም አላጨበጨበለትም።

የቤቱ ሹፌር ጀማሉዲን ሚሽሪፍ ካለው ከማዳም ቤት ልብስ አመጣልን። የጅማ ልጅ ነው። የሉልዋን ካልሲ ረስቻለሁ ብሎ ተመለሰ። ካልሲውን አምጥቶ ደግሞ የአንቺን ቻርጀር ረስቻለሁ ብሎ ተመለሰ። እንዲህ ዝንጉ የሆነ ሰው መኪና ማሽከርከሩ ይገርመኛል። ቻርጀር ደግሞ አምጣ አላልኩትም።

ረቡዕ፣ ጥር 28

ሚስ ሰሃርን «ይህች ልጅ እንዴት አይርባትም?» አልኳት።

«መራብን አታውቀውም» አለችኝ። «ገና ሳይርባት ማሽኑ ይሞላታል። ተወልዳ እስካሁን ራበኝ ያለችበት ቀን የለም።»

ማዳም ከመሥሪያ ቤት ቀጥታ መጣች። ጥንቸል የተሳለበት ሳህን ገዝታላት ነበር። ሉልዋ ጥንቸሏን ሳመቻት፣ ከዚያ ሳህኑን ወረወረችው። ማዳም ሳቀች። ወዲያው መታጠቢያ ቤት ገብታ ብዙ ቆየች። የቢሮ ሥራ ያደክማል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ያ ረቢ። ምን አደረግኩ። ሲስተሯ እዚሁ ናት፣ በኋላ እጽፋለሁ።

በኋላ። ሉልዋ ተኝታለች።

ምሳዬን እየበላሁ ነበር፤ ድንች ነው፣ በጨውና በዘይት ያሸሁት። ሉልዋ ጭኔ ላይ ሆና መስኮቱ ላይ ያለችውን ርግብ ታያለች። ርግቧ መስታወቱ ውስጥ ካየችው መልኳ ጋር ተጣልታ ትደባደባለች። ሉልዋ በሳቅ ፈረሰች፣ ትንንሽ ጥርሶቿ በሙሉ ታዩ። እጄ ሄደ። ወላሂ እኔ አላዘዝኩትም። ሽምብራ የምታህል ድንች ምላሷ ላይ አስቀመጥኩ።

ዋጠቻት።

አልተፋችም፣ አላለቀሰችም፤ ውጣ ርግቧን ማየቷን ቀጠለች። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያልሆነ ነገር በእኔ እጅ ሆነ። እዚያ ላይ ባበቃ ምን ነበረበት? ግን እኛ ቤት ሰው አንድ ጊዜ አጉርሶ እጁን አይሰበስብም። እናቴ ይህን በልጅነቴ በቁንጥጫ ነው ያስተማረችኝ። ሁለተኛዋን አበጀሁ፤ ከፊተኛዋ ከፍ ያለች፣ ከልቤ የሆነች። ያን ጊዜ ሉልዋ ዞራ እጄን አየችው።

ትን አላት። አስመለሳት። ወተቱ ሁሉ ወጣ፣ ቱቦውም አብሮ በአፏ በኩል መጣ። ሲስተሯ እየሮጠች ገባች። አዲሱን ቱቦ ሲያስገቡላት እጆቿን የያዝኩት እኔ ነኝ። ስትጮህ የምትጠራው የእኔን ስም ነበር።

«ምን ሆና ነው?» አለችኝ ሲስተሯ።

«አሳላት» አልኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

እርጎ አትነካም። ሳህን ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ሳህኑስ ይሁን፤ የእኔን እጅ ስታይም ታዞራለች። ጸጉሯን ላበጥርላት ብጠጋ አፏን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ሚስ ሰሃር «ቅዳሜ ዕለት የተፈጠረ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኩ። ሰሌዳዋ ላይ ስትጽፍ አየኋት። እንግሊዝኛውን ባላነበውም ፊቷ ያስታውቃል፤ ያለ ምክንያት ወደ ኋላ ተመለሰች ብላ ነው።

ነገ እናገራለሁ።

ረቡዕ

አልተናገርኩም። ማዳም ራሷን አሟት ነበር።

ሐሙስ

ዛሬ ደግሞ ሰው በዛ።

እሑድ፣ የካቲት 9

ጀማሉዲን ብርቱካን አመጣ። ሉልዋ አትበላ፣ ታዲያ ለማን ነው ስለው ጆሮውን አከከ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኩት። ለምን ለእሱ እንደነገርኩት አላውቅም። ሌላ ሐበሻ በአቅራቢያው ስላልነበረ ነው።

«ተናገሪያ» አለኝ።

«ማዳም ወደ መክተብ፣ ወደ ኤጀንሲው ብትመልሰኝስ? ሌላ ቤት ቢያስገቡኝስ?»

«ሌላ ቤት ብትሄጂማ...» አለና አንዷን ብርቱካን በእጁ አገላበጠ። «ደሞዙ ያው ነው» አለ።

«ደሞዙን ማን አነሳ! ልጅቷን ማን ይይዝልኛል?»

«እኔም እሱን ልል ነበር» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ብርቱካኑ ጣፋጭ ነበር። አራቱንም በላሁት።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ማዳም ለባባ፣ ለባሏ፣ ስትነግረው ሰማሁ፤ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። «ሙንተሀን ስታይ ትስቃለች። እኔን ስታይ ሐኪም የመጣባት ነው የሚመስላት።» ለምን ስለ እኔ እንዲህ እንዳለች አልገባኝም። ልጅ መቼም አብራት የዋለችውን ትለምዳለች። ከዛሬ ጀምሮ ግን ማዳም ስትመጣ ልብስ ላጥብ፣ ሻይ ልቅዳ እያልኩ እወጣለሁ። የሚታጠብ ልብስ ጠፍቶ ንጹሑን አጠብኩት።

ሉልዋ ትናንት ማታ እጄን ይዛ ተኛች። እጄን! ቀን ግን አሁንም ትሸሸዋለች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

የኩዌት በዓል ነው። መንገዱ ሁሉ ባንዲራ ለብሷል፣ ልጆች በየመኪናው መስኮት ወጥተው ውኃ ይረጫጫሉ። ማዳም ለሉልዋ የባንዲራ ቀሚስ አምጥታ አለበሰቻት። ቱቦውን ጉንጯ ላይ የሚይዘውን ፕላስተር ሳይቀር አረንጓዴ መረጠችላት። እንዴት እንደምታምር! ሲስተሮቹ ተሰልፈው ፎቶ አነሷት።

በማዳም ቦርሳ ውስጥ ግን ወረቀት አለ። ሐኪሞቹ ትናንት ተሰብስበው ወስነዋል፤ ልጅቷ መዋጥ አትችልም፣ ቀዶ ጥገናው ይደረግ ብለዋል። ማዳም ፈርማ እሑድ ትመልሳለች።

ሻይ ይዤ ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ከእህቷ ጋር በስልክ ታወራለች። «አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ስትውጥ ያየ ሰው ቢኖር ይቺን ወረቀት እቀድዳት ነበር» ስትል ሰማሁ።

እኔ የደበቅኩት ጥፋቴን ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ምሥራቹንም አብሬ ቀብሬዋለሁ።

«ማዳም፣ ውጣለች» አልኩ።

ስልኩን ከጆሮዋ አላነሳችውም። «ሽኑ?» አለችኝ። ምን?

«ድንች። በእኔ እጅ። አንዱን ዋጠችው። ሁለተኛውን ሳጎርሳት ነው ትን ያላት። አሳላት ያልኩት ውሸት ነው፤ ደንቡን አፍርሼ ነው፤ ሁለተኛውን ባልሰጣት ኖሮ...» ስለ ሁለተኛው ብዙ ቀባጠርኩ። አልሰማችኝም።

«የመጀመሪያውን ዋጠችው?»

«ዋጠችው።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

«እንዴት አድርጋ? አሳዪኝ።»

ኮሪደሩ መሐል ቆሜ ባዶ አፌን ከፍቼ፣ ዘግቼ፣ ዋጥኩ። እንደገና አለችኝ። እንደገና ዋጥኩ። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ዋጥኩላት። የሚያልፉት ሰዎች እብድ ሳልመስላቸው አልቀረሁም። ማዳም ከነዓባያዋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና እኔንም ጎትታ አስቀምጣ አቀፈችኝ። ሻዩ በሁለታችንም ላይ ፈሰሰ። ስልኩ ውስጥ እህቷ «ምንድነው? ምንድነው?» እያለች ትጮህ ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ትናንት ያቀፈችኝ ሴት ዛሬ ግማሽ ሰዓት ጮኸችብኝ። «አሥራ ሰባት ቀን!» አለች፣ በጣቷ እየቆጠረች። «አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ ሳልተኛ ሳድር አንቺ ታውቂ ነበር!» ልክ ናት። አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። ሉልዋ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አይታ ሳቀችብን። መክተብ የሚል ቃል ግን አልተነሳም።

እሑድ፣ የካቲት 23፣ ረመዳን 2

ሚስ ሰሃር ትቆጣኛለች ብዬ ሳልተኛ አድሬ ሁሉንም ነገርኳት። ቁጣውስ ነበር፣ ግን አጭር። ከዚያ ወንበሯን ስባ እንደ መርማሪ ፖሊስ ያዘችኝ። ምን ያህል ነበር? ሞቃት ነው ቀዝቃዛ? ስትውጥ ወዴት ታይ ነበር?

«ርግቧን።»

«ሁለተኛውን ስትሰጫትስ?»

«እጄን።»

«አየሽ!» አለች። «ጉሮሮዋ ደህና ነው። የምትፈራው የሰው እጅ ነው። ገና አራስ ሆና ወደ አፏ የመጣ እጅ ሁሉ ቱቦ ይዞ ነበር።»

ይህን ስሰማ ሁለቱን እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከተትኳቸው።

ሐኪሞቹ እስከ ዒድ ጊዜ ሰጥተዋል። እስከዚያ መብላት ከጀመረች ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ካልጀመረች ይፈረማል። ከዛሬ ጀምሮ ወደ ሉልዋ አፍ የሚሄደው የሉልዋ እጅ ብቻ ነው። እሷ ግን የፈለገችውን ሰው ማጉረስ ትችላለች። እኔ ማንንም ላላጎርስ ማልኩ። ሚስ ሰሃር ስምል ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

ሰኞ፣ መጋቢት 1፣ ረመዳን 10

እጄ ደስታ በደስታ ሆኖ አልጽፍ አለኝ። በተራ ልጻፈው።

ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እኔም ማዳምም ጾመናል፣ ምላሳችን ደርቋል። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠናል፣ መሐላችን የድንች ትሪ አለ። ሉልዋ ስታቦካው፣ ስትደበድበው፣ ጸጉሯ ውስጥ ስትጨምረው ቆየች። ከዚያ ቁራሽ አንስታ ወደ እኔ አፍ ዘረጋች። «እንኪ» አለችኝ፣ በአማርኛ። ከእኔ የለመደችው ነው።

እኔ ጾመኛ ነኝ። መግሪብ ገና ሦስት ሰዓት ይቀረዋል። ፊቴን ባዞር ደግሞ ምግብ የሚዞሩበት ነገር ነው ብላ ትማራለች፤ ያን ለማጥፋት አይደል እንዴ ስንት ቀን የለፋነው? አጠገባችን ያለችው ሚስ ሰሃር ዓይኗ ፈጦ ቀረ። ድንቿ አፍንጫዬ ሥር ናት። ቢስሚላህ ብዬ አፌን ከፈትኩ።

ሉልዋ ፊቴን አጠናችው። ድንቿ ስትወርድ ጉሮሮዬን በጣቷ ነካችው። ከዚያ ሌላ ቁራሽ አንስታ ወደ እናቷ ዞረች።

ማዳም እኔን አየችኝ። ጾም ላይ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት፤ ውኃ ስትጉመጠመጥ እንኳ ሦስት ጊዜ የምትተፋ። «ማማ፣ እንኪ» አለች ሉልዋ። ማዳም አፏን ከፈተች። ልጇ አጉርሳት አታውቅም። ዓይኗን ጨፍና በጣም ረጅም ጊዜ አኘከችው፤ ድንች ያን ያህል አይታኘክም።

ክፍሉ ውስጥ የማትጾመው ሚስ ሰሃር ብቻ ናት፣ ክርስቲያን ናት። ለእሷ ግን አልደረሳትም።

ከዚያ ሉልዋ የተለጠፈባትን ጣቷን አየችው። ላሰችው። ሌላውንም ጣት። ዋጠች።

ማታ ማዳም ልትሄድ ስትል በር ላይ ቆማ «ከዒድ በኋላ በዛሬው ምትክ አንዳንድ ቀን ቀዷ አለብን፤ አብረን እንጾመዋለን» አለችኝ። እሺ ማዳም አልኩ። አላህ ኒያችንን፣ ሐሳባችንን ያውቃል።

ሉልዋ እናቷን አራት ጊዜ አጎረሰቻት፣ እኔን አንድ ጊዜ። ቆጥሬ አይደለም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ራብ እንዲመጣ ብለው ማሽኑን በግማሽ ቀነሱት። አልመጣም። ዛሬ ሦስት ቁራሽ ድንች፣ ጣት የነካው እርጎ። ሩጫ በሩጫ ነኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ክብደቷ ቀነሰ። ሚስ ሰሃር የሚጠበቅ ነው ትላለች፤ ሐኪሙ ግን ሌላ ግማሽ ኪሎ ከቀነሰች ዒድን አንጠብቅም አለ። የምትቀምሰው ለእኛ ብላ ነው፣ እንደ ጨዋታ። ጨዋታው ሲሰለቻት ትታው ትሄዳለች። ፊቷ ጠበበብኝ። ዛሬ ደብቄ ማሽኑን ልከፍትላት እጄ ሄዶ ነበር፤ መልሼ ያዝኩት። ይህ እጅ አንድ ቀን ጉድ ያፈላብኛል።

ጀማሉዲን ልብስ ይዞ መጣ። «ዱዓ እያደረግኩ ነው» አለኝ።

«ለሉልዋ?» አልኩት።

«ለእሷም» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ልብሱን ተቀብዬ ገባሁ። የሉልዋን ካልሲ አሁንም ረስቶታል።

ዓርብ፣ መጋቢት 19፣ ረመዳን 28

የምጽፈው ከሚሽሪፍ፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለሁለት ቀን ፈቅደውልን ቤት መጣን። ማሽኑን ሌሊት ብቻ፣ ያውም ጥቂት እንድንከፍት ተነግሮናል። እሑድ ተመልሳ ትመዘናለች፣ ያኔ ይወሰናል። ጧት እርጎ ቀምሳ ተወችው። ቀትር ላይ ምንም አልነካችም። ማዳም ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ስታነበው አየኋት።

መግሪብ ሊል ሲል ሁላችንም ሳሎን ነበርን። ባባ ተምር ይዞ ሰዓት ያያል፣ ማዳም ሾርባ ትቀዳለች፣ እኔ ሳህን እደረድራለሁ፣ ጀማሉዲን የውኃ ካርቶን ተሸክሞ ገብቷል። ወለሉ ላይ መኪና ስትገፋ የቆየችው ሉልዋ ድንገት አቆመች። ሆዷን ያዘች። የማታውቀው እንግዳ ቤቷ የገባ ይመስል ግራ ገባት። ከዚያ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

ማዳም ጭልፋውን ጥላ ሮጠች። «ምንሽን ነው ሀቢብቲ? የት ጋ ነው?»

ሉልዋ ሆዷን በጡጫ መታችው። «አና ዩዓና!» አለች። ወር ሙሉ ከመግሪብ በፊት እያጉረመረምን ስንለው የሰማችውን ነው። ራበኝ!

ማንም አልተንቀሳቀሰም። «ዩዓና!» ብላ ደገመችው፣ እግሯን እያንፈራገጠች።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። እናቴ በሰባ ሰባት ሁለት ታላላቆቼን ቀብራለች። እኔ ከተወለድኩ በኋላ ቤታችን እህል ሞልቶ እንኳ፣ ልጅ «ራበኝ» ሲል ከሰማች የያዘችውን ጥላ ወደ ጓዳ ትሮጥ ነበር። ስለዚህ ያን ቃል በእሷ ፊት አንናገረውም፤ «ምሳ ደርሷል?» ነበር የምንለው። ቃሉ አንድ ቀን በጆሮዬ ጣፋጭ ይሆናል ብሎ ማን ያስብ ነበር? ወላሂ ከዚህ የሚጥም ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሳላስበው እልል አልኩ። ማዳም በእነሱ እልልታ ተቀበለችኝ። ባባ ተምሩን እንደያዘ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ጀማሉዲን ካርቶኑን ማስቀመጥ ረስቶ እንባው ጺሙ ላይ ይወርዳል። አዛኑ ሲያበቃ አንዳችንም ወደ ገበታው አልሄድንም።

እልልታው ሲያባራ ሉልዋ አሁንም እየጮኸች ነበር፣ ጭራሽ በንዴት ፊቷ ቀልቷል። ለካ ሁላችንም ቆመን ስናለቅስ ሳህን ያቀረበላት ሰው የለም።